ኩዌንካ፣ ኢኳዶር ለመኖር፦ ከወረቀት እስከ ሴዱላ (የነዋሪ መታወቂያ)

ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ እየደወላችሁ "እዚያ ኑሮ እንዴት ነው?" የምትሉኝ በዝታችኋል። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጥተው በስድስት ወር የተመለሱ አውቃለሁ። ብርዱ አልመለሳቸውም፣ ስፓኒሹም አልመለሳቸውም። የመለሳቸው ቅደም ተከተል ነው። ቪዛ ሳይኖራቸው የዓመት ቤት ተከራዩ። ወረቀት ሳይሟላ ኮንቴይነር ጫኑ። ማኅተም ሳያስመቱ አስተረጎሙ። ከዚያ ሁሉንም ከዜሮ ጀመሩ።

ይህን የጻፍኩት አሜሪካ ኖሮ በጡረታ ገቢ ወደ ኩዌንካ መምጣት ለሚያስብ ሐበሻ ነው። እንደ ቁጥሩ ሂዱ፣ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ገቢያችሁ አብሯችሁ ይሻገራል ወይ?

ትኬት ከማየታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

1. የጡረታ ቪዛው የሚጠይቀው ወርሃዊ ገቢ የአገሩ መነሻ ደሞዝ ሦስት እጥፍ ነው። መነሻ ደሞዙ በየጥር ይስተካከላል። በ2025 (በፈረንጆቹ) 470 ዶላር ስለነበር፣ መስፈርቱ በወር 1,410 ዶላር ነበር። በእናንተ ስም ለሚገባ የቤተሰብ አባል በነፍስ ወከፍ 250 ዶላር ይጨመራል።
2. ገቢው ቋሚ መሆን አለበት። ልጅ በየወሩ የሚልከው አይቆጠርም።
3. የምንዛሪ ጣጣ የለም። ኢኳዶር ከ2000 ጀምሮ የምትጠቀመው የአሜሪካ ዶላር ነው።

ማስጠንቀቂያ። ሶሻል ሴኩሪቲና ኤስኤስአይ (ገቢው ትንሽ ለሆነ አረጋዊ መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ) አንድ አይደሉም። ሠርታችሁ ያገኛችሁት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለዜጋ ኢኳዶር ድረስ ይመጣል። ኤስኤስአይ ግን ከአሜሪካ ለተከታታይ 30 ቀን ስትወጡ ይቆማል። ብዙ እናቶችና አባቶች የሚኖሩት በኤስኤስአይ ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፦ ገቢያችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ይህ ጉዞ ለእናንተ አይሆንም። ሜዲኬርም ከአገር ውጭ አይከፍልም።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ለረጅም ጊዜ ከአሜሪካ መራቅ ካርዱን ያሳጣል። መጀመሪያ ዜግነት ውሰዱ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። በአሜሪካ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ለ90 ቀን ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ቪዛው ከመነሳታችሁ በፊት በእጃችሁ መሆን አለበት። "እዚያ ደርሼ እጨርሳለሁ" የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ ወረቀት

ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጅም ነው።

*ሀ. ስማችሁን አንድ አድርጉ።* ፓስፖርታችሁን፣ የጋብቻ ወረቀታችሁንና የጡረታ ደብዳቤያችሁን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንዱ ላይ ፀሐይ በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላው ላይ በሌላ አጻጻፍ ከሆነች፣ ለኢኳዶር መዝጋቢ ሁለት ሴቶች ናችሁ። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለም እንደዚያው። የሁሉም መለኪያ ፓስፖርቱ ነው። ሌላውን ወደ እሱ አስጠጉ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ኢኳዶር ውስጥ ሴት ስታገባ የቤተሰብ ስሟን አትቀይርም። ስለዚህ የባልና የሚስት ስም መለያየቱ ማንንም አይገርምም። አሜሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ስናስረዳው የኖርነውን ነገር እዚህ ማስረዳት የለም።

*ለ. የዘመን አቆጣጠሩን እዩ።* አዲስ አበባ የወጣ የጋብቻ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ፣ ትርጉሙ ላይ የፈረንጁ ቀን መኖር አለበት። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በማስታወሻ ካልተገለጸ "በልጅነቷ ያገባች" የምትመስል ሙሽራ ይወጣል። ቀልድ አይደለም።

*ሐ. ቀርፋፋውን አስቀድሙ።* ከኢትዮጵያ የሚመጣ ወረቀት ካለ መጀመሪያ የሚጀመረው እሱ ነው። በእጃችሁ ሳይገባ ሌላውን አትንኩ።

*መ. ከወንጀል ነፃ የሚለውን በመጨረሻ አውጡ።* ይህ የኤፍቢአይ ወረቀት ነው፣ ክፍያው 18 ዶላር ነው። በጣት አሻራ ይጠየቃል። ከወጣበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው 180 ቀን ነው። እኔ ገና ሳልጀምር በደስታ መጀመሪያ ያወጣሁት እሱን ነው። ከዚያ የጋብቻ ወረቀቴን ከአዲስ አበባ ስጠብቅ ሰባት ወር አለፈ። የወረቀቱ ጊዜ አለፈ። እንደገና ጣቴን ቀለም ነከርኩ። ከአሜሪካ ሌላ አገር ኖራችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ከኖራችሁበት አገር ሁሉ ይጠየቃል።

*ሠ. አፖስቲል አስመቱ።* አፖስቲል ማለት አገሮች የሚቀባበሉት የማረጋገጫ ማኅተም ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ የፌዴራል ወረቀት ወደ ፌዴራል፣ የስቴት ወረቀት ወደ ስቴት ይሄዳል። የኤፍቢአይ ወረቀትና የሶሻል ሴኩሪቲ ደብዳቤ ዋሽንግተን፣ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሄዳሉ። ሜሪላንድ የተፈጸመ ጋብቻ ሜሪላንድ ይሄዳል። የኤፍቢአይን ወረቀት ስቴት ያስመታ ሰው አውቃለሁ፤ ማኅተሙ ያምራል፣ ጥቅም ግን የለውም።

*ረ. ትርጉም ከአፖስቲል በኋላ።* አፖስቲሉ ራሱ ይተረጎማል። ቀድማችሁ ካስተረጎማችሁ ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ስፓኒሹን ኩዌንካ አሠሩት፤ ርካሽ ነው፣ ተርጓሚው ኖታሪያ ፊት ይፈርምበታል። ኖታሪያ የውልና ማስረጃ ሥራ የሚሠራበት ቢሮ ነው።

ደረጃ 3፦ ሻንጣ

ኮንቴይነር አትጫኑ። ነዋሪ ሳትሆኑ ዕቃ ማስገባት ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሶፋም እዚህ አለ።

ያዙ፦ የሦስት ወር መድኃኒት ከነማዘዣው፣ ሹራብ፣ የሚመቻችሁ ጫማ (ትልቅ ቁጥር እዚህ ማግኘት አበሳ ነው)፣ በርበሬና ሽሮ በታሸገ ፓኬት፣ ጀበና። የአሜሪካው ኤሌክትሪክ ምጣድም ይመጣል። መብራቱ 120 ቮልት፣ ሶኬቱም የአሜሪካው ዓይነት ነው፤ መቀየሪያ አያስፈልግም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም አንድ ጣል አድርጉ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታያላችሁ።

አትያዙ፦ ጥሬ ቡና፣ ዘር፣ ጌሾ፣ ሥርና ቅጠል ያለበት ነገር ሁሉ። የዕፅዋት ተቆጣጣሪዎች ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል። ዱቄት ከያዛችሁ የፋብሪካ መለያ ያለበት ይሁን። ሲጠይቋችሁ አሳዩ፣ አትደብቁ።

ጥሬ ገንዘብ በአምስት፣ በአስርና በሃያ ያዙ። የ100 ዶላር ኖት ሱቅ ውስጥ ማንም አይቀበላችሁም። 50ውም ያስጨንቃል። የአንድ ዶላር ሳንቲም ግን በኪስ ሙሉ ታገኛላችሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ማንም የማይነካው ያ ወርቃማ ሳንቲም እዚህ ዋናው መገበያያ ነው።

ደረጃ 4፦ መድረስና የመጀመሪያው ሳምንት

ኩዌንካ ኤርፖርት የአገር ውስጥ በረራ ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ሁለት መንገድ አላችሁ።

1. በኪቶ በኩል። ኪቶ አርፋችሁ አንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ ወደ ኩዌንካ ትይዛላችሁ። ለዕድሜ ባለጸጋ የምመክረው ይህን ነው።
2. በጓያኪል በኩል። ከዚያ በቫን አራት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ የካሃስን ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ጓያኪል ያለችው ከባሕር ጠለል እኩል ነው። ጭጋግ ይወርዳል፣ በክረምት መሬት ይንሸራተታል። በቀን ብቻ ሂዱ። ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ይህን ተዉት። ጓያኪል ውስጥ መዞርም አይሁንባችሁ፤ የጸጥታው ነገር ኩዌንካን አይመስልም።

ከተማዋ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ትላለች። "እኛ የደጋ ልጆች ነን" ብሎ መፎከር ይመጣል። ሃያ ዓመት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የኖረ ደም ግን ደጋውን ረስቶታል። ሕመሙን ሶሮቼ ይሉታል፦ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደረጃ ላይ ማለክለክ። ሦስት ቀን ዕረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ አልኮል ተዉ። ራስ ምታቱ እየባሰ፣ ትንፋሹ ቁጭ ብላችሁም የሚያጥር ከሆነ ሐኪም ቤት ሂዱ እንጂ "ይለምዳል" አትበሉ። ለድንገተኛ ነገር የሚደወለው 911 ነው።

ልብስ አዲስ አበባ እንደምትለብሱት ነው። ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ የሚለበልብ ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ። ቤቶቹ ማሞቂያ የላቸውም። ቆብ አትርሱ፤ ምድር ወገቡ ሦስት ዲግሪ እንኳ አይርቅም።

ደረጃ 5፦ ቤት

*የመጀመሪያው ወር።* ዕቃ የተሟላለት ቤት ለአንድ ወር ብቻ ተከራዩ። ከአሜሪካ ሆናችሁ በፎቶ አይታችሁ የዓመት ውል አትፈርሙ። ቀብድም አትላኩ።

*የት?* መሀል ከተማው፣ ኤል ሴንትሮ፣ ሁሉም በእግር ይደረስበታል፤ ግን አሮጌ ቤት ይበርዳል፣ ደወልና ርችትም አለ። ኦርዶኜስ ላሶ ጎዳና ላይ ፎቅ በፎቅ ነው፣ የውጭ ሰው ይበዛበታል፣ ዋጋውም ያንን ያውቃል። ሬሚሂዮ ክሬስፖ አካባቢ መካከለኛ ነው፤ የአገሬው ሰው ይኖርበታል፣ ሱቅ አለ፣ ሜዳ ነው። ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ካዬ ላርጋ የሚባለውን ጎዳና ከወንዙ የሚያገናኙትን ደረጃዎች ወርዳችሁ ውጡና ከዚያ ወስኑ።

*እንዴት ይፈለጋል?* በእግር። መስኮት ላይ "ሴ አሪየንዳ" የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ታያላችሁ፤ "የሚከራይ" ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሚለጠፈው ቤትና በስፓኒሽ የሚለጠፈው ቤት ዋጋቸው አንድ አይደለም። የሚደውልላችሁ የአገሬው ሰው ይሁን።

*ቤቱ ውስጥ ስትገቡ፦*

1. ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ሌሊት ፍሪጅ ነው።
2. የቁም ሣጥን በር ከፍታችሁ አሽትቱ። የሻገተ ሽታ ካለ ውጡ።
3. ሻወሩን ለአሥር ደቂቃ ክፈቱ። አከራዩ ይገርመዋል፣ ይግረመው።
4. ካሌፎኑ የት እንደተሰቀለ እዩ።

ካሌፎን ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል፣ የእጅ ሻንጣ የሚያህል ነጭ ሣጥን ነው። ሙቅ ውሃ ስትከፍቱ ቲክ ቲክ ይላል፣ ከዚያ ሰማያዊ እሳት በትንሿ መስኮት ይታያል። የሚሠራው በጋዝ ነው። መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት ወይም መስኮት የሌለው ጓዳ ውስጥ ከሆነ ቤቱን አትከራዩ። ሽታ የሌለው ጭስ ይገድላል። ቦታው ውጭ፣ በረንዳ ወይም አየር የሚያልፍበት ልብስ ማጠቢያ ነው። እሳቱ ቢጫ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። ጠቋሚውን ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው።

*ውሉ።* የዓመቱን ውል የምትፈርሙት ቪዛው ከወጣ በኋላ ነው። ሕጉ ለተከራይ ያደላል፤ ውሉ ላይ አንድ ዓመት ቢጻፍም ተከራይ ሁለት ዓመት የመቆየት መብት አለው። ጋራንቲያ የሚሉት መያዣ የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ ነው። አሊኩዎታ ደግሞ የሕንፃው ወርሃዊ መዋጮ ነው፤ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ውሃና መብራት ውዝፍ እንደሌለበት የመጨረሻውን ፕላኒያ፣ ማለትም ቢሉን፣ አሳዩኝ በሉ።

ከመግባታችሁ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ወለልና ምድጃ ቪዲዮ ቅረጹ። በዚያው ቀን ለአከራዩ በዋትስአፕ ላኩት። የመጀመሪያው ቤቴ አከራይ ስወጣ ወለሉ ላይ ያለ ጭረት አሳይቶኝ መያዣዬን ይዞ ቀረ። ጭረቱ ከእኔ በፊት የነበረ ነው። ግን ምን ይዤ ልከራከር?

ደረጃ 6፦ ቪዛ ማስገባት

90 ቀናችሁ የሚቆጠረው ፓስፖርቱ ከተመታበት ቀን ነው። ሦስት ወር ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ቀን በቀን ቁጠሩ።

1. በመጀመሪያው ሳምንት ትርጉሙን ስጡ።
2. ሁሉንም ወረቀት በደንብ ስካን አድርጉ። የአፖስቲሉ ገጽ ከዋናው ጋር አንድ ፋይል ይሁን።
3. ማመልከቻው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ይገባል። እስከ 45ኛው ቀን አስገቡ። የቀረው ጊዜ ለስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ አይቀርም።
4. ጠበቃ ወይም አመቻች ከያዛችሁ ከፊሉን ክፈሉ፣ ሌላውን ቪዛው ሲወጣ። ፓስፖርታችሁን ለማንም አታስረክቡ።
5. የኢሜይል ሳጥናችሁን በየቀኑ እዩ። አንድ ወረቀት ጎድሏል ካሉ መልስ የሚጠብቁት ለተወሰነ ቀን ብቻ ነው።

ቀኑ ካጠራችሁ፣ 90ው ሳያልቅ ለተጨማሪ 90 ቀን ማራዘሚያ ጠይቁ። ካለፈ በኋላ የሚጠብቃችሁ ቅጣት ነው።

ለጊዜያዊ ነዋሪ የሚሰጠው ቪዛ ሁለት ዓመት ነው። 21 ወር ሲሞላ ለቋሚው ማመልከት ይቻላል። ያንን ቀን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

በቀን ስሌታችሁ ውስጥ የካርኒቫልን ሳምንት፣ የኅዳር መጀመሪያንና ከገና እስከ አዲስ ዓመት ያለውን አታስገቡ። ቢሮ ይዘጋል። በካርኒቫል ደግሞ መንገድ ላይ ውሃና አረፋ ይደፉባችኋል፤ ወረቀት ይዛችሁ አትውጡ።

ደረጃ 7፦ ሴዱላ

ሴዱላ የነዋሪ መታወቂያ ነው። ቪዛ ይዞ ሴዱላ የሌለው ሰው ግማሽ ሰው ነው፤ ባንክም፣ የስልክ ውልም ፊት አይሰጠውም።

ቪዛው እንደወጣ ሬሂስትሮ ሲቪል የሚባለው የመዝገብ ቢሮ ቀጠሮ ያዙ። ፎቶ እዚያው ያነሷችኋል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ሠራተኛዋ ከማተሟ በፊት ስክሪኑን ወደ እናንተ አዙራ ታሳያለች። አትቸኩሉ። መነጽር አድርጉ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የትውልድ አገር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። እነሱ ሁለት የቤተሰብ ስም ስለለመዱ፣ የአባትና የአያት ስም ቦታ ይቀያየራል። ያኔ "አይ፣ ይህ እዚህ ነው" ማለት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ከታተመ በኋላ ወራት ይፈጃል።

አሥሩን ቁጥር በቃላችሁ አጥኑ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይዋ "ኮን ዳቶስ ኦ ኮንሱሚዶር ፊናል?" ትላችኋለች። ደረሰኙ በስማችሁ ይሁን ወይስ ዝም ብሎ፣ ማለቷ ነው። ካልገባችሁ "ኮንሱሚዶር ፊናል" በሉና እለፉ።

ደረጃ 8፦ ባንክ፣ ጋዝ፣ መብራት፣ ቆሻሻ

*ባንክ።* ሁሉን ገንዘብ አታምጡ። የተቀማጭ ዋስትናው በአንድ ባንክ እስከ 32,000 ዶላር ነው። በዚያ ላይ ከኢኳዶር ገንዘብ ስታስወጡ ከ2024 ጀምሮ 5 በመቶ ግብር አለ። ወደ አዲስ አበባ ለቤተሰብ የምትልኩትን ከአሜሪካው ሂሳባችሁ ላኩ። እዚህ በወር የሚያስፈልጋችሁን ብቻ አስገቡ።

*ጋዝ።* ሲሊንደሩ 15 ኪሎ ነው። ድጎማ ስላለበት የተተመነው 1.60 ዶላር ነው፤ ቤት ድረስ ሲያመጡት ትንሽ ይጨምራሉ። መኪናው ጠዋት ጠዋት ክላክስ እያሰማ ይዞራል። ባዶውን ሰጥታችሁ ሙሉውን ትቀበላላችሁ፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ባዶ ሲሊንደር መግዛት ግድ ነው። ሁለት ይኑራችሁ። ጋዝ የሚያልቀው ሁሌም ፀጉራችሁን ሳሙና ቀብታችሁ ሳላችሁ ነው። ስትቀይሩ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ ካበጠ ይፈሳል፤ ዝጉት።

*ውሃና መብራት።* የኩዌንካ የቧንቧ ውሃ ይጠጣል። ውሃውን የምታቀርበው ኤታፓ ኢንተርኔትም ትሸጣለች። መብራቱ በአብዛኛው ከወንዝ ነው፤ በ2024 መጨረሻ ድርቅ ሲመታ አንዳንድ ቀን እስከ 14 ሰዓት ጠፍቶ ነበር። ባትሪ መብራትና ፓወር ባንክ ይኑራችሁ። ይህን እንኳ ለሐበሻ ማስተማር የለብኝም።

*ቆሻሻ።* ጥቁር ፌስታል ለተራው፣ ሰማያዊ ፌስታል ለፕላስቲክ፣ ለወረቀትና ለጣሳ። በሰፈራችሁ ቀን ብቻ አውጡ፣ ማታ ቀድማችሁ አታውጡ፤ ውሻ ይዘረግፈዋል፣ ጎረቤት ይቀየማል።

ደረጃ 9፦ ሕክምና

ነዋሪ የጤና መድን እንዲኖረው ይጠየቃል። ወይ የግል መድን ትገዛላችሁ፣ ወይ ኢዬስ የሚባለውን የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና በፈቃደኝነት ትቀላቀላላችሁ። ኢዬስ ቀጠሮው ይረዝማል፣ የቆየ በሽታን ግን እንደ ግል መድኖቹ አያገልም። ስኳርና ደም ግፊት ያለባችሁ ሁለቱንም አስቡ።

የግል ሆስፒታል ከመተኛታችሁ በፊት የካርድ መያዣ ሊጠይቅ ይችላል። ገደቡ ከፍ ያለ አንድ ክሬዲት ካርድ ለዚያ ብቻ አስቀምጡ። የመድኃኒታችሁን ዝርዝር በንጥረ ነገሩ ስም እንጂ በአሜሪካ የንግድ ስሙ አትጻፉ። 65 ዓመት ከሞላችሁ አውቶቡስና ሌላም መጓጓዣ በግማሽ ዋጋ ነው፤ ሴዱላውን ማሳየት ነው።

ደረጃ 10፦ ገበያና አፍ

ዲዬስ ዴ አጎስቶ ገበያ መሀል ከተማ ነው፣ ፌሪያ ሊብሬ ሰፋ ያለና ረከስ ያለ ነው። ፌሪያ ሊብሬ ስትሄዱ ስልክ ከውስጥ ኪስ።

የምትፈልጉት አለ። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ጾም ለሚጾም እዳው ገብስ ነው። ገብስ ካልኩ አይቀር፣ "ማቺካ" ብላችሁ ጠይቁ። የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው። እኔ መጀመሪያ የቀመስኩት ቀን ሻጯን "ይሄማ በሶ ነው!" አልኳት በአማርኛ። እሷም ሳቀችና አንድ ጭልፋ ጨመረችልኝ። ያ ጭማሪ "ያፓ" ይባላል፤ የእኛው ምርቃት። ከመክፈላችሁ በፊት ዋጋ ከመከራከር፣ ከገዛችሁ በኋላ ያፓ መጠየቅ ይሻላል።

ጤፍ አትፈልጉ፣ የለም። ጥሬ ቡና ግን አለ፣ ሎሃ ከሚባለው አካባቢ የሚመጣውን ጠይቁ።

ንግግር ላይ ሦስት ነገር፦

1. ሻጭንም ጎረቤትንም "ቤሲ" በሉ፤ "ጎረቤቴ" ማለት ነው፣ በሩን ይከፍታል።
2. ሰውን "ኡስቴድ" በሉ፤ የእኛ "እርስዎ" ነው። "ቱ"፣ አንተ/አንቺ ማለት፣ እነሱ ሲጀምሩ ይደርሳል።
3. "ያ ሚስሞ" ቃል በቃል "አሁኑኑ" ነው። የቧንቧ ሠራተኛው "ያ ሚስሞ" ካለ ግን የእኛ "እየመጣሁ ነው፣ መንገድ ላይ ነኝ" ነው። ምሳ ሥሩ።

ሲበላሽ

*ወረቀት ተመለሰ።* አትከራከሩ። የተመለሰበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ፣ ያንኑ ብቻ አስተካክላችሁ መልሱ። ሌላ ወረቀት አትጨምሩ፣ አዲስ ጥያቄ ይወልዳል።

*አድራሻ ጠፋባችሁ።* ለታክሲ የቤት ቁጥር አትስጡ። ሁለት መንገድ የሚገናኙበትን ስጡ፦ "ካዬ ላርጋና ቤኒኞ ማሎ"። ሜትሩ መቁጠር መጀመሩን እዩ።

*ካሌፎኑ አልነሣ አለ።* ቲክ ቲክ ካላለ ባትሪው አልቋል፤ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ከታች አሉት። ቲክ ቲክ እያለ ካልበራ ጋዝ አልቋል። በርቶ ከጠፋ የውሃ ግፊት ነው፤ ሌላ ቧንቧ የከፈተ አለ።

*አዲስ አበባ ስትደውሉ ማንም አላነሣም።* የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። እዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከእራት በኋላ ከደወላችሁ እናት በድንጋጤ ነው የምትነሣው።

*ምጣዱ ሲሰካ ቤቱ ጨለመ።* አሮጌ ቤት ውስጥ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ምጣድ ደግሞ ብዙ ይስባል። ፍሪጁንና ማይክሮዌቩን ንቀሉ፣ ምጣዱን ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሰኩ እንጂ በኤክስቴንሽን አይሁን። አሁንም ከጣለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለወጥ ቤቱ ብቻ የሚሆን መስመር ይዘርጋላችሁ። እኔ ያን እስካሠራ ድረስ እንጀራ የምጋግረው ጎረቤቴ ሻወር ገብታ ስትወጣ ጠብቄ ነበር። አንድ ቆጣሪ ላይ ነበርን።